የሚቆጥር ቁጥርና የሚሰይም ቁጥር፦ አኃዝን በመረጃ ቋት ውስጥ ወደ ጽሑፍ ስለ መለወጥ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። በማናቸውም የሰብል ሙከራ መዝገብ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አንደኛው የምርቱ መጠን ሲሆን ይደመራል፤ አማካዩም ይወጣል። ሁለተኛው የመደቡ ቁጥር ነው፤ መደብ 101ን ከመደብ 102 ጋር ደምሮ 203 ማለት ትርጉም የለውም። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች የምርምር መለያቸው ፒ-9401 እና ፒ-9403 ነው። የእነዚህ አማካይ 9402 ይሆናል፤ ነገር ግን ስለ ማሽላ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ይህ ልዩነት ለትምህርት ቤት መዝገብም እጅግ አስፈላጊ ነው። የአንድ ተማሪ መለያ 0047 ነው እንበል። ዓምዱ በቁጥር ዓይነት ከተዘጋጀ የመረጃ ቋቱ 47 ብቻ ይይዛል፤ ከፊት ያለው ዜሮ በስሌት ዋጋ የለውምና። የፈተናው ውጤት 0047 በሚል ጽሑፍ ተመዝግቦ ሲመጣ ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ተፈትኖ ያለፈው ልጅም እንዳልተፈተነ ሊቆጠር ይችላል። በ033 ወይም በ09 የሚጀምረው የወላጅ ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ዜሮውን ያጣል።

ስሕተቱን ለማረም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል። በመጀመሪያ የመለያው ርዝመት ስንት አኃዝ እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። ቀጥሎ ‹ካስት› በተባለው ትእዛዝ ቁጥሩ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን 47ን ‹47› ያደርገዋል እንጂ የጠፉትን ዜሮዎች አይመልስም። ስለዚህ በማይኤስኪውኤልና በፖስትግሬስኪውኤል ‹ኤልፓድ› የተባለው ትእዛዝ ከፊት ዜሮ እየጨመረ ርዝመቱን 4 አኃዝ ያደርሰዋል። ከተወሰነው ርዝመት የሚበልጥ ቁጥር ካጋጠመው ግን ትርፉን ይቆርጣል፤ 12345 ‹1234› ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ረጅሙ መለያ አስቀድሞ መታየት፣ የቀድሞውም ዓምድ ማጣሪያው እስኪያበቃ ድረስ ሳይሰረዝ መቆየት ይገባዋል።

ሊታረም የማይችል ጉዳትም አለ። ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ ከ15 አኃዝ በላይ አይዝም። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው 16 አኃዝ ያለው ቁጥር በቁጥርነት ከገባ የመጨረሻው አኃዝ ወደ 0 ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፍ ቢለውጡት የሚገኘው የተሳሳተው ቁጥር ነው። ስለዚህ ዓምዱ ጽሑፍ መሆን ያለበት መረጃው ከመግባቱ በፊት ነው።

በአንጻሩ ሁሉንም ወደ ጽሑፍ መለወጥ ሌላ ስሕተት ይወልዳል። ጽሑፍ የሚደረደረው እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ስለሆነ 100 ከ65 በፊት፣ 9 ደግሞ ከ65 በኋላ ይመጣል። የተማሪው ማርክ በዚህ መልክ ቢያዝ ደረጃ ማውጣት አይቻልም። እኩል ርዝመት ያላቸው መለያዎች ግን ይህ አያገኛቸውም፤ 0009 ምንጊዜም ከ0010 ይቀድማል።

እንግዲህ መዝገብ የሚያዘጋጅ መምህርም ሆነ የዕቅድ ባለሙያ ስለ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህን ቁጥር ደምሬ ወይም አካፍዬ የማገኘው ቁም ነገር አለን? ካለ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥ። ከሌለ ግን ስም ነውና እንደ ስም አንዲት ምልክት ሳትጎድልበት ይጻፍ።