ቆስጣው እንዳይጠወልግ፣ ቲማቲሙ እንዳይበሰብስ፦ አትክልትን ደጋግመን በምንጠቀምባቸው የቤት ዕቃዎች ማቆየት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በማሳና በጓሮ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ስር ይመረታል። ጠዋት የተቆረጠ ቆስጣ ከሰዓት በኋላ ከጠወለገ ገዢው ዋጋ ይሰብራል፤ ለቤት የቀረውም ሳይበላ ይጣላል። ይህ ጽሑፍ ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ወይም መብራት ለሚቆራረጥባቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በትንሽ ወጪ አትክልትን ለተጨማሪ ቀናት ትኩስ አድርጎ ማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ያስረዳል።

1. አትክልት ለምን ይጠወልጋል?

አትክልት ከተቆረጠም በኋላ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ውሃም ያተናል። ማሳ ላይ እያለ ያጣውን ውሃ በሥሩ ይተካል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን የሚተካለት የለም። ቆስጣና ሰላጣ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ናቸው። ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉን ሲያጡ መጠውለግ ይጀምራሉ። ይህም ማለት 1 ኪሎ ቆስጣ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ውሃ ቢያጣ መልኩ ይለወጣል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ውሃ ቅጠሉ ላይ ከቆመ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራቡበታል፤ ቅጠሉም ይበሰብሳል። ስለዚህ ዋናው መመሪያ ይህ ነው፦ በአትክልቱ ዙሪያ ያለው አየር እርጥብና ቀዝቃዛ፣ የቅጠሉ ላይ ደግሞ ደረቅ ይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

2. ከአቆራረጥ ይጀምሩ

• ቅጠላ ቅጠልን ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቁረጡ። በዚህ ሰዓት ቅጠሉ ውሃ የጠገበና ቀዝቃዛ ነው።
• እንደቆረጡ ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ ያድርጉት። ጤዛ ካለበት ሳይከምሩ ዘርግተው ያንጠፍጥፉት።
• የተቀደደውን፣ የቢጫውንና በነፍሳት የተበላውን ይለዩ። አንድ የበሰበሰ ቅጠል ሌላውን ያበላሻል።
• የካሮትንና የቀይ ስርን ቅጠል ቆርጠው ይለዩ። ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ካሮቱን ያለሰልሰዋል።

3. ባለ ክዳን ዕቃና የጥጥ ጨርቅ

በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የታሰረ ፌስታል ውስጥ ቅጠሉ ያወጣው ውሃ መልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። በምትኩ የሚከተለውን ያድርጉ።

ሀ. ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ባልዲ በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ቀድሞ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበትን ዕቃ ፈጽሞ አይጠቀሙ።
ለ. ንጹሕ የአቡጀዴ ወይም የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ከታች ያንጥፉ፤ አትክልቱን ሳይጨቁኑ ይደርድሩ፤ በሌላ ቁራጭ ይሸፍኑ። ጨርቁ ትርፉን ውሃ ይመጣል፤ አየሩንም እርጥብ አድርጎ ያቆያል።
ሐ. ክዳኑን በትንሹ ገርበብ ያድርጉት። ዕቃውን ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ወለል ላይ ያስቀምጡ።
መ. በየቀኑ ይመልከቱ። ጨርቁ ከራሰ በደረቅ ይቀይሩት፤ ያጠቡትንም በፀሐይ ያድርቁ።

ከማስቀመጥዎ በፊት አትክልቱን አይጠቡ። ማጠቢያው ጊዜ ሊያበስሉት ሲሉ ነው። ጭቃ ስላለበት መታጠብ ካለበት ላዩ እስኪደርቅ ድረስ አያስቀምጡት።

4. ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ በመካከሉ አሸዋ

እናቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ መንገድ ነው። እንስራው ሲያልበው ውሃው ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መሐመድ ባህ አባ የተባሉ ናይጄሪያዊ መምህር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ይህንኑ እውቀት ለአትክልት ማቆያ አዋሉት፤ ሥራቸውም በሰሜን ናይጄሪያ ገበሬዎች ዘንድ ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አነስ ያለ ሌላ የሸክላ ዕቃ ያስገቡ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በታጠበ አሸዋ ይሙሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ ያርሱ። አትክልቱን በውስጠኛው ዕቃ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

ሁለት ነገሮችን ያስተውሉ። አንደኛ፣ ውጪኛው ሸክላ አዲስና ያልተሟሸ ይሁን። የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ አያልበውም፤ ስለዚህም አያቀዘቅዝም። ሁለተኛ፣ ይህ ዘዴ በደንብ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው። በሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ብዙ አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየቆረጡ ወዲያው መጠቀም ይሻላል።

5. አብረው የማይቀመጡ

• ቲማቲም፣ ሙዝና አቮካዶ ሲበስሉ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ቆስጣን፣ ሰላጣንና ጎመንን ቶሎ ቢጫ ያደርጋል። ለየብቻ ያስቀምጧቸው።
• ያልበሰለ ቲማቲም ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ፤ ብርድ ይጎዳዋል፣ በደንብም አይበስልም።
• ሽንኩርትና ድንች እርጥብ ጨርቅ አይፈልጉም። ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ፣ ለየብቻ ይቀመጡ። ድንች ብርሃን ካገኘ ይአረንጓዳል፤ የአረንጓዴውም ክፍል መርዛማ ስለሆነ አይበላም።

6. ትኩስ መምሰልና ንጹሕ መሆን ይለያያሉ

የጠወለገ ቆስጣ ግንዱ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆም ቀና ይላል። አደጋው ያለው በውሃው ላይ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በወንዙ ውሃ አትክልት ማጠብ ወይም መርጨት ቅጠሉን ለጊዜው ያሳምረዋል፤ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ተሕዋስያንንና የአንጀት ትላትልን እንቁላል ግን ያስተላልፋል። ስለዚህ ለማጠቢያ፣ ለመርጫና አሸዋ ለማራሻ የቧንቧ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ።

በተጨማሪም በወንዙ ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። እነዚህ ቅጠሉ ውስጥ ከገቡ በማጠብም በመቀቀልም አይወጡም። ማሳዎ ከወንዝ የሚጠጣ ከሆነ ስለ ውሃው አማራጭና ስለሚዘሩት የሰብል ዓይነት ከአካባቢዎ የግብርና ልማት ሠራተኛ ጋር ይመካከሩ።

7. ራስዎ ይሞክሩት

ሰኞ ጠዋት አንድ እስር ቆስጣ ቆርጠው ለሁለት ይክፈሉ። ግማሹን በፌስታል አስረው፣ ግማሹን በክፍል 3 በተገለጸው መንገድ በጨርቅና በባለ ክዳን ዕቃ ያስቀምጡ። ለረቡዕ ጾም ወጥ ሲሠሩ ሁለቱን ያወዳድሩ፦ የትኛው ጠወለገ? የትኛው ራሰ? ስንት ቅጠል ተጣለ? ያዩትን ጽፈው ወደ ቀጣዩ ሥልጠና ይዘው ይምጡ፤ ከጎረቤቶችዎ ውጤት ጋር አብረን እናስተያየዋለን።