ቆሞ የሚንዘፈዘፍ ሞተር፦ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ምን እንመርምር?

በዛሬው ጽሑፋችን የምናየው ብዙዎቻችን እንጀራ የምንበላበትን አሮጌ መኪና ነው። ከመካከላችን ሹፌር አለ፣ ዕቃ አድራሽ አለ፣ ከመንፉሃ እስከ ሰናዒያ በአሮጌ ወኒት ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚያመላልስ አለ። መብራት ላይ ስንቆም ሞተሩ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጥፍት ይላል። ነዳጅ ሰጥተን ስንነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ደህና ይሆናል። ወርክሾፕ ስንወስደው አንዱ "ካንዴላ ነው"፣ ሌላው "የነዳጅ ፓምፕ ነው"፣ ሦስተኛው "ሞተሩ አልቋል" ይለናል። ሁሉም ተገዝቶ ንዝረቱ እዚያው ይቀራል። ለልጆች ይላካል የተባለው ሪያል ግን ወጥቷል።

እንዲህ ያለ ሞተር ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። የእኛ ሥራ በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን፣ በመጨረሻ ውዱን። ለምሳሌ የምንወስደው አሮጌውን የቶዮታ ሃይሉክስ ቤንዚን ሞተር ነው፤ 22አር የሚባለውን፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር። አንዱ ዓይነት በካርቡሬተር፣ 22አር-ኢ የሚባለው ደግሞ በኢንጀክተር ይሠራል። ሐሳቡ ለሌሎችም አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ይሆናል። ናፍጣ ግን ካንዴላ ስለሌለው የራሱ ምርመራ አለው፤ እሱን ዛሬ አንነካም።

1. ሚኒሞ ላይ ለምን ይታወቃል?

ሚኒሞ ማለት እግራችን ነዳጅ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በአብዛኛው አሮጌ ሞተር በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የአየር በሩ ሊዘጋ ምንም አይቀረው፤ የሚገባው አየርም ነዳጅም በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ በተሰነጠቀ ጎማ የምትገባ ጥቂት አየር ድብልቁን በሙሉ ታበላሸዋለች። ነዳጅ ስንሰጥ ግን ብዙ አየር ስለሚገባ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ አትታወቅም። "ስነዳው ደህና ነው፣ ሲቆም ነው የሚያስቸግረኝ" የምንለው ለዚህ ነው።

2. ምንም ሳንነካ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

መቼ ነው የሚንዘፈዘፈው? ጠዋት ሲነሳ ብቻ ነው? ከሞቀ በኋላ ነው? ኤሲ ሲበራ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ጭነቱን እንዲችል ዙሩን ከፍ የሚያደርገው ክፍል አልሠራ ይሆናል። ሪያድ ውስጥ ኤሲ ሳይበራ የሚነዳ ስለሌለ ይህ ቶሎ ይረሳል። ኤሲውን አጥፍቶ ማየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ነዳጅ ሲሰጠው ይስተካከላል? ከተስተካከለ አየር ወይም የሚኒሞ ነዳጅ መንገድ ይጠረጠራል። ዙሩ ከፍ ብሎም ከቆራረጠ ግን ካንዴላ፣ ሽቦ ወይም ቫልቭ እንጠረጥራለን።

ድምፁ ሥርዓት አለው? ጭስ ማውጫው ጋ ቆማችሁ አዳምጡ። በእኩል ጊዜ እየጠበቀ "ፑፍ" የሚል ከሆነ አንድ የተወሰነ ሲሊንደር አይሠራም። ዙሩ ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን አየር ወይም ነዳጅ ነው።

ሞተሩ ነው ወይስ ጎማዎቹ? የጭስ ማውጫው ድምፅ እኩል ሆኖ ካቢናው ብቻ ከተንቀጠቀጠ፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አልቀው ይሆናል። እንዲህ ላለው ካንዴላ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተዘጋ ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትሥሩ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይታወቀው ይገድላል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ባዶ ይሁን፣ ልብስም ከቺንጊያና ከቬንቲላተር ይራቅ።

3. የትኛው ሲሊንደር ነው የሰነፈው?

አራት ሰው ድንጋይ ሲሸከም አንዱ እጁን ብቻ ቢያስነካ፣ እሱ ሲሄድ ሸክሙ ላይ ምንም ለውጥ አይመጣም። ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ሽቦ ንቀሉ፣ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት፤ ከዚያ አስነሱ። ንዝረቱ ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ሰነፉን አገኛችሁት። አራቱንም በየተራ ሞክሩ። ሞተሩ እየሠራ ሽቦ በባዶ እጅ መንቀል አይገባም፤ የሚመታው ኤሌክትሪክ ከባድ ነው። ኢንጀክተር ባለው ሞተር የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይሻላል። ሙከራው አጭር ይሁን፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ካታሊስት ያቃጥለዋል።

ሰነፉ ከታወቀ በኋላ ዕቃ አትግዙ፤ አቀያይሩ። የ3ኛው ካንዴላ ወደ 2ኛው፣ የ2ኛው ወደ 3ኛው። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ሽቦውን በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ። የዲስትሪቢውተሩን ካፕም ክፈቱና ስንጥቅ ወይም አረንጓዴ ዝገት እንዳለ እዩ። ይህ ሁሉ አንድ ሪያል አያስወጣም።

የወጣውን ካንዴላ ዝም ብላችሁ አትመልሱት፤ አንብቡት። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። በቤንዚን ከረጠበ እሳት አላገኘም። በዘይት ከረጠበ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶት ወይም በጣም ሞቆ ነበር። በ22አር ላይ የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር ነው።

4. ሁሉም ሲሊንደር እኩል ከሰነፈ፦ አየርና ነዳጅ

የሪያድ ሙቀትና አቧራ የሚያጠቃው በመጀመሪያ ጎማ ነው። በበጋ ውጭው ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ኮፈኑ ሥር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ትንንሾቹ የአየር ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ጫፋቸው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን በእጃችሁ እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ይታያል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አንድ በአንድ ጨብጡ። አንዱን ስትጨብጡ ሞተሩ ከተረጋጋ አየሩ የሚገባው በዚያ መንገድ ነው። ጥቂት ውሃ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ላይ መርጨትም ይቻላል፤ ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው።

ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ በተለይ እዩ። ፍሬን ስትረግጡ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ተሰምቶ ንዝረቱ ከተለወጠ፣ ጉዳዩ ከሚኒሞ አልፏል፤ ፍሬኑ ራሱ ሊከብድ ይችላልና ሳይጠገን አትንዱት።

ካርቡሬተር ላለው፦ እግር ሲነሳ ወዲያው የሚጠፋና በነዳጅ ብቻ የሚቆም ከሆነ የሚኒሞው ቀጭን መንገድ በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል። ወይም ነዳጁን የምትከፍተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አልሠራችም፤ ቁልፍ ሲከፈት "ጠቅ" ማለት አለባት። ኢንጀክተር ላለው የአየር በሩ ዙሪያ የተጋገረውን ጥቁር ጥላሸት ሞተር አጥፍቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለ 91ን ትቶ ባለ 95 ቤንዚን መሙላት ግን ይህን በሽታ አያድንም፤ ለ91 የተሠራ ሞተር በ95 የሚያገኘው ነገር የለም።

አገር ቤት ጋራዥ ለሠራችሁ አንድ ነገር፦ ከፍታው ተለውጧል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሪያድ ግን ወደ 600 ሜትር ናት። የሞተሩን ስበት የሚለካው ጌጅ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። በባሕር ወለል ላይ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ካሳየ፣ ሪያድ ላይ ከ15 እስከ 19፣ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 13 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ "ጤነኛ ነው" ያልነው ቁጥር እዚህ የሕመም ምልክት ነው።

5. ዝም ያለው ቫልቭ

ካንዴላውም፣ ሽቦውም፣ አየሩም ደህና ሆኖ አንዱ ሲሊንደር ከሰነፈ ቫልቭ እንዲለካ ጠይቁ። በ22አር ላይ ሞተሩ ሞቆ፣ የመግቢያው 0.20 ሚሊሜትር፣ የመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የሚያንኳኳውን ነው፤ አደገኛው ግን ክፍተቱ ጠቦ ዝም ያለው ነው። በደንብ ስለማይዘጋ እምቅ አየሩ ያመልጣል፣ በሚኒሞ ይንዘፈዘፋል፣ እየቆየም ቫልቩ ይቃጠላል። ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ የተቃጠለ ቫልቭ ግን ቴስታታ ያስወርዳል።

የመጨረሻው ምርመራ ኮምፕረሽን መለካት ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካል። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። "ሞተሩ አልቋል" የሚል ሰው ይህን ቁጥር ሊያሳያችሁ ይገባል።

6. ሰናዒያ ስንሄድ

ቋንቋ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እዚህ "መኪና" ማለት ሞተር ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪው "ሰያራ" ነው። "መኪና ኸርባን" ካላችሁ ሞተሩ ተበላሸ ብላችኋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይነገራችኋል። እነዚህን ያዙ፦

ረጃ — ንዝረት
ተፍተፋ — መቆራረጥ
በዋጂ — ካንዴላ
በኻኽ — ኢንጀክተር
ለይ — የጎማ ቱቦ
ተህሪብ ሃዋ — አየር ማሾለክ
ከራሲ መኪና — የሞተር መቀመጫ ጎማዎች
ወጅህ ራስ — የቴስታታ ጓርኒሲዮን

"አወል ኢፍሐስ፣ በዕደይን ገይር" በሉ፤ መጀመሪያ መርምር፣ ከዚያ ለውጥ ማለት ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ጠይቁ። ውድ ዕቃ ከሆነ በአል-ሃኢር መንገድ ካለው ተሽሊህ ያገለገለ ይገኛል፤ ካንዴላና ጎማ ግን አዲስ ይሻላል።

7. መኪናው የአሠሪ ከሆነ

ንዝረቱን መጀመሪያ ባያችሁበት ቀን ለአሠሪው በዋትሳፕ ጻፉ፤ ድምፁንም በስልክ ቅዱ። ነገ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ቢባል ማስረጃ ይሆናል። በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 91 መሠረት፣ ሠራተኛ በራሱ ጥፋት ወይም መመሪያ በመጣስ ንብረት ካበላሸ አሠሪው የጥገናውን ከደመወዝ ሊቆርጥ ይችላል፤ ሆኖም በአንድ ወር ከ5 ቀን ደመወዝ በላይ መቁረጥ አይችልም። በዕድሜ የደረቀ ጎማና ያለቀ ካንዴላ ደግሞ የአገልግሎት ነገር ነው፣ የሹፌር ጥፋት አይደለም። የቤት ሹፌሮች ግን በሌላ ደንብ ስለምትተዳደሩ ውላችሁን እዩ። በተጨማሪም ይህን አውቀናል ብለን ከኢቃማችን ሥራ ውጭ የሰው መኪና እየጠገንን ገንዘብ መቀበል ያስቀጣል፤ እውቀቱ እንዳንታለልና እርስ በርስ እንድንመካከር ይሁን።

ለውይይት

1. የምትነዱት መኪና የሚንዘፈዘፈው መቼ ነው? ከክፍል 2 ጥያቄዎች የትኛውን መመለስ ትችላላችሁ?
2. ከእናንተ ውስጥ ሳይመረመር ዕቃ ተለውጦለት ችግሩ ያልቀረለት አለ? የትኛው ሙከራ ይጠቅመው ነበር?
3. የካንዴላ መፍቻ፣ የክፍተት መለኪያና የኮምፕረሽን ጌጅ በጋራ ገዝተን በየተራ ብንጠቀም ማን ይያዘው?