የናይሮቢ ፎቶ ቤቶች፡ በአነስተኛ ገንዘብ የስቱዲዮ ፍላሽ ለመግዛት ምን መታወቅ አለበት?

ስልክ ካሜራን በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ ፎቶ ቤቶች ደንበኛን የሚስቡበት ዋነኛ ነገር ካሜራቸው ሳይሆን ብርሃናቸው ሆኗል። ናይሮቢ ውስጥ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለክርስትና ወይም ለቤተሰብ መታሰቢያ ፎቶ የሚነሳ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው በስልኩ ሊያገኘው ለማይችለው ነገር ነው።

በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሊያውያን በሚኖሩበት የኢስሊ ሰፈርም ይሁን በመሀል ከተማው፣ ሥራውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ለሚጀምር ወጣት የመጀመሪያው የመብራት ግዢ ከባድ ውሳኔ ነው። ገንዘቡ የወራት ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ዕቃው በሰርግ ዕለት ቢበላሽ ደግሞ ሙሽሮቹ በድጋሚ አይዳሩም።

ለመሆኑ በአቅም ልክ የሆነ፣ ግን የማያሳፍር የስቱዲዮ ፍላሽ እንዴት ይመረጣል?

ስትሮብ ምንድን ነው?

በተለምዶ ስትሮብ እየተባለ የሚጠራው የስቱዲዮ ፍላሽ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልን ካፓሲተር በተባለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ካከማቸ በኋላ ዜነን ጋዝ በያዘ የመስታወት ቱቦ በኩል በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ብርሃኑ የሚቆየው የሰከንድ መቶኛ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ቴክኖሎጂው ወደ ፎቶግራፍ ዓለም በስፋት እንዲገባ ካደረጉት መካከል በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማረው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ኤጀርተን እ.አ.አ. በ1930ዎቹ ሙከራዎቹ ዓይን የማይደርስባቸውን ፈጣን እንቅስቃሴዎች በፎቶ አስቀርቷል።

የስትሮብ አቅም የሚለካው በዋት-ሰከንድ ነው። ይህም በአንድ ብልጭታ የሚለቀቀው የኃይል መጠን ነው። ሳይጠፋ የሚበራው የኤልኢዲ መብራት ግን የሚለካው በዋት በመሆኑ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አቻ አድርጎ መመልከት ገዢን ያሳስታል።

ለምሳሌ 100 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ካሜራው ለሰከንድ 1/125ኛ በሚከፈትበት ቅጽበት የሚጠቀመው 0.8 ዋት-ሰከንድ ብቻ ነው። አንድ መካከለኛ ስትሮብ ግን በዚያው ቅጽበት 300 ዋት-ሰከንድ ይለቃል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመለወጥ ረገድ የተሻለ ስለሆነ የብርሃናቸው ልዩነት የቁጥሮቹን ያህል ባይሰፋም፣ ስትሮቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በዚህ ምክንያት ሥራው በዋናነት ፎቶ ለሆነ ሰው ስትሮብ ለከፈለው ገንዘብ ብዙ ብርሃን ይሰጠዋል። ቪዲዮም ለሚቀርጽ ግን ብልጭታ አይጠቅመውም። የአነስተኛ በጀት ፊልሞች በሚዘጋጁበትና «ሪቨርዉድ» ለሚለው መጠሪያ መነሻ በሆነው የናይሮቢው ሪቨር ሮድ አካባቢ ለሚሠራ ባለሙያ ኤልኢዲ ሊቀድም ይችላል።

ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ አይጠቅምም

አዲስ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚማረኩት በትልቁ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ከ300 ወደ 600 ዋት-ሰከንድ መሸጋገር የሚጨምረው ባለሙያዎች አንድ «ስቶፕ» የሚሉትን እርከን ብቻ ነው። የካሜራውን የብርሃን ትብነት፣ ማለትም አይኤስኦውን፣ ከ100 ወደ 200 ማድረግም ያንኑ ለውጥ ያለ ምንም ወጪ ያስገኛል።

ርቀት ደግሞ ከኃይል ባልተናነሰ ይወስናል። መብራቱ ከሰውየው ያለው ርቀት ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲቀንስ፣ ሰውየው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከ200 እስከ 300 ዋት-ሰከንድ ያለው መብራት ለአንድ ሰው ወይም ለጥቂት የቤተሰብ አባላት በቂ ነው።

እንዲያውም በጠባብ ክፍል ውስጥ ችግር የሚሆነው የኃይል መብዛት ነው። ኃይሉ እስከ 1/16ኛ ብቻ የሚቀነስ የ600 ዋት-ሰከንድ መብራት ዝቅተኛው ልኩ 37.5 ዋት-ሰከንድ ነው። ከሰውየው ጀርባ ያለውን ነገር ለማደብዘዝ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው መክፈት ለሚፈልግ ባለሙያ ይህም ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ከከፍተኛው ቁጥር እኩል ዝቅተኛውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደጅ ላይ ጉዳዩ ይለያል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ነው። በዚህ ሰዓት ተመራቂዎችን ወይም ሙሽሮችን በመናፈሻ የሚያነሳ ሰው ከ400 እስከ 600 ዋት-ሰከንድ ያለው መብራት ቢኖረው ልፋቱ ከንቱ አይሆንም።

ለጥቁር ቆዳ የብርሃኑ ስፋት ይቀድማል

የፎቶ ኢንዱስትሪው ለረጅም ዘመን የቀለም ልኩን ያስተካክል የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በሚባሉ የነጭ ሴቶች ምስሎች ነበር። በዚህ የተነሳ የጥቁር ሰዎች ፊት በፎቶ ላይ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይታይ ነበር። ዛሬ ካሜራዎች ቢሻሻሉም የብርሃን አያያዝ አሁንም ባለሙያውን ይጠይቃል።

ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርፁንና ውበቱን የሚያሳየው በአብዛኛው በላዩ ላይ በሚንጸባረቀው ብርሃን አማካኝነት ነው። ምንም ያልለበሰ ትንሽ መብራት ግንባርና ጉንጭ ላይ ጎላ ያሉ፣ የላብ ጠብታ የሚመስሉ ነጥቦችን ይተዋል። ብርሃኑ በትልቅ ጃንጥላ ወይም በሶፍትቦክስ ውስጥ አልፎ ሲመጣና መብራቱ ወደ ሰውየው ሲጠጋ ግን ነጸብራቁ ሰፋ ብሎ በፊቱ ላይ በዝግታ ይዋሃዳል።

የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ሌላ ፈተና ናት። ነጩ ሸማ ብርሃንን በብዛት ስለሚመልስ፣ ፊቷ እንዲታይ ተብሎ ኃይል ሲጨመር ጥበቡ ይጠፋል። መፍትሔው መብራቱን ከጎንና ከፍ አድርጎ፣ የብርሃኑን መሀል ወደ ፊቷ በማዞር ጠርዙ ብቻ ቀሚሱን እንዲነካ ማድረግ ነው። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የጥልፉንም ክር ለይቶ ያሳያል።

እዚህ ላይ ለአነስተኛ በጀት መልካም ዜና አለ። ስፋት ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ነጭ ጃንጥላ ከርካሾቹ የስቱዲዮ ዕቃዎች አንዱ ነው። በቅርብ የቆመ የ200 ዋት-ሰከንድ መብራት ከትልቅ ጃንጥላ ጋር፣ ያለ ጃንጥላ ከቆመ የ600 ዋት-ሰከንድ መብራት የተሻለ የፊት ምስል ይሰጣል።

መብራት ሲጠፋ

ነሐሴ 19/2015 ዓ.ም. ምሽት ኬንያ ውስጥ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋርጦ፣ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጭምር ጨለማ ውጦት ነበር። በቀጣዮቹ ወራትም ተመሳሳይ መቋረጥ ተከስቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በካምፓላ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ይህን ችግር ያውቀዋል።

በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ስትሮብ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል። ከዚህም ሌላ ብልጭ ካለ በኋላ በፍጥነት ለመሙላት በቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ ርካሽ ኢንቨርተርና ትንሽ ጄኔሬተር ላይስማሙት ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር መጠቀም ይመከራል።

ባለ ባትሪ ስትሮብ በመነሻ ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን ከክፍል ውጭም ያገለግላል። ለምሳሌ የቻይናው ጎዶክስ ኩባንያ «ኤዲ200 ፕሮ» የተባለው 200 ዋት-ሰከንድ መብራት፣ እንደ አምራቹ ገለጻ፣ በአንድ ሙሌት 500 ጊዜ ገደማ በሙሉ ኃይል ይበራል። በግማሽ ኃይል ሲሠራ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኬንያው 240፣ የኢትዮጵያው ደግሞ 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራ ከሶኬት የሚሠራ ስትሮብ ናይሮቢ ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። የባለ ባትሪዎቹ ቻርጀር ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል።

ከዕቃው በፊት ቤተሰቡን መምረጥ

አንድ ስትሮብ ብቻውን አይሠራም። ከካሜራው ትእዛዝ የሚያስተላልፍለት ትሪገር፣ ጃንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ፣ እንዲሁም ማቆሚያ ያስፈልገዋል። በመሆኑም የመጀመሪያው መብራት ምርጫ ቀጥለው የሚገዙትን ዕቃዎች ሁሉ ይወስናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሶፍትቦክሱ መግጠሚያ ነው። ቦወንስ የተባለው የብሪታኒያ ኩባንያ እ.አ.አ. በ2017 ቢዘጋም፣ እሱ ያስለመደው መግጠሚያ ዛሬም በብዙ አምራቾች ዘንድ የጋራ መለኪያ ነው። ይህን መግጠሚያ የያዘ መብራት የሌላ ድርጅት ርካሽ ሶፍትቦክስንም ይቀበላል።

ሁለተኛው ትሪገሩ ነው። ለካኖን የተሠራው ለሶኒ ወይም ለኒኮን በሙሉ አቅሙ ላይሠራ ይችላል። በተጨማሪም አብዛኞቹ ካሜራዎች በተለመደው አሠራር ከስትሮብ ጋር የሚግባቡት እስከ ሰከንድ 1/200ኛ ወይም 1/250ኛ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሲፈጥኑ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ይህን ያየ ጀማሪ መብራቱ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው የዋጋና የዕድሜ ሚዛን ነው። የስዊድኑ ፕሮፎቶ እ.አ.አ. በ2018 ገበያ ላይ ያዋለው ባለ 250 ዋት-ሰከንድ «ቢ10» ሲወጣ ዋጋው ወደ 1,600 ዶላር ይጠጋ ነበር። ጎዶክስ «ኤዲ200 ፕሮ» ግን በአሜሪካ ገበያ 350 ዶላር ገደማ ተሽጧል። ከሶኬት የሚሠሩ የ300 ዋት-ሰከንድ መብራቶች ደግሞ በዚያው ገበያ ከ100 ዶላር ብዙም በማይርቅ ዋጋ ይገኛሉ። ናይሮቢ ላይ የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የ16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ወጪ ሲታከል ዋጋው ከፍ ይላል።

ውዱ መብራት የቀለም ወጥነትና ጥንካሬ አለው። ነገር ግን በከተማው የሚጠግነው ሰው ወይም መለዋወጫ ቱቦ ካልተገኘለት፣ ለአነስተኛ ፎቶ ቤት ከርካሹ የባሰ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ቱቦው ቢቃጠል ከየት አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ተገቢ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያገለገለ ስትሮብ ሳይፈተሽ አይገዛም። መብራቱን በሙሉ ኃይል በተከታታይ 20 እና 30 ጊዜ ማስነሳት፣ አንዳንዴ የሚዘል ከሆነም ማየት ይገባል። አንድን ነጭ ግድግዳ ደጋግሞ በማንሳት ብርሃኑና ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጥ እንደሆነ መመልከት ይቻላል። የጠቆረ ቱቦ የዕድሜ መግፋት ምልክት ነው። ባትሪ ካለው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መፈተን ያሻል።

የቆዩ ስትሮቦች ሌላም አደጋ አላቸው። አንዳንዶቹ በሽቦ በኩል ወደ ካሜራው ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚልኩ የዲጂታል ካሜራን ሊያበላሹ ይችላሉ። እነዚህን በገመድ አልባ ትሪገር መጠቀም ይሻላል።

የስትሮብን ሽፋን መክፈት ግን ፈጽሞ አይመከርም። ካፓሲተሩ መብራቱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ገዳይ የሆነ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ወደ አገር ቤት ይዞ መሄድ

ከናይሮቢ ገዝቶ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ባትሪውን ማሰብ አለበት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች የሚጓዙት በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ሲያልፍ፣ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። መጠኑ የሚታወቀው ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት በማባዛት ነው። የ«ኤዲ200 ፕሮ» ባትሪ 14.4 ቮልትና 2.9 አምፒር-ሰዓት በመሆኑ 42 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው።

በሞያሌ በኩል በየብስ ለሚጓዝም ቢሆን ደረሰኝ መያዝና ዕቃውን ለጉምሩክ ማሳወቅ ከውዝግብ ያድናል።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ

ለጀማሪ አንድ ጥሩ መብራት ከሦስት ደካማዎች ይበልጣል። ከ200 እስከ 300 ዋት-ሰከንድ ያለው፣ የተለመደውን መግጠሚያ የያዘ አንድ ስትሮብ፣ ለካሜራው የሚስማማ ትሪገር፣ ትልቅ ነጭ ጃንጥላ፣ የማይወድቅ ማቆሚያና ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነጭ ሰሌዳ ለአብዛኛው የፊት ፎቶ ይበቃሉ። ማቆሚያው ላይ የአሸዋ ከረጢት ማሰርም አነስተኛ ወጪ ያለው ዋስትና ነው።

ጀርባ ላይ ጥላ እንዳያርፍ ለሚፈለግባቸው የፓስፖርት ፎቶዎች ሁለተኛ መብራት ይጠቅማል። እሱ ግን የመጀመሪያው ወጪውን ከመለሰ በኋላ፣ ከዚያው ቤተሰብ ተመርጦ ሊገዛ ይችላል።