የፕላስቲኩ ሰይፍ ምን ይጨምራል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ «ዊ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በሰሜን አሜሪካ ለገበያ አቀረበ። ቀደም ሲል ተጫዋቾች በአብዛኛው ቁጭ ብለው በአውራ ጣቶቻቸው ቁልፍ ይጫኑ ነበር። የዊ መቆጣጠሪያ ግን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በአንድ እጅ የሚያዝና የእጅን እንቅስቃሴ የሚከታተል በመሆኑ ተጫዋቾችን ከመቀመጫቸው አስነሣቸው። ምርቱ እስኪቋረጥ ድረስ ከ101 ሚሊዮን በላይ የዊ መሣሪያዎች ተሸጠዋል።

ይህን ገበያ ያዩ ሌሎች አምራቾች በመቆጣጠሪያው ላይ የሚሰኩ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ማቅረብ ጀመሩ። የቴኒስ ራኬት፣ የጎልፍ መምቻና ሰይፍ ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። ተራው የሰይፍ ዓይነት ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ባትሪም ሆነ ሽቦ የለውም። ታዲያ እንዲህ ያለው ዕቃ በጨዋታው ላይ የሚለውጠው ነገር አለን? መልሱ ሁለት ገጽ አለው፤ ለመለኪያው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ በእጅ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ ከፍተኛ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ መቆጣጠሪያው ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል።

መቆጣጠሪያው የሚያውቀውና የማያውቀው

በመቆጣጠሪያው ውስጥ አክስለሮሜትር የሚባል ጥቃቅን መለኪያ አለ። ይህ መለኪያ ከሲሊከን የተቀረጸና በሲሊከን ሞላዎች የተንጠለጠለ፣ እጅግ አነስተኛ የሆነ አካል አለው። እጃችን ሲንቀሳቀስ ይህ አካል በኢነርሺያው ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረበት መጠንም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። ልኬቱ የሚካሄደው በሦስት አቅጣጫ ነው።

ይሁን እንጂ አክስለሮሜትር እንቅስቃሴን ከስበት ለይቶ አያውቅም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ምንም እንቅስቃሴ ሲቀመጥ የስበትን ያህል፣ ማለትም በሴኮንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር ያነባል፤ በነጻ ሲወድቅ ደግሞ ዜሮ ያነባል። ይህ የአሠራር ጉድለት ሳይሆን፣ አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ያስተዋለውና ኋላ ለአጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መነሻ የሆነው የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ችግር የስሌት ነው። የእጅን ቦታ ከአክስለሬሽን ለማግኘት በጊዜ ላይ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ማድረግ ግድ ይላል። መለኪያው በሴኮንድ ስኩዌር 0.1 ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ የቦታው ስሕተት ከ1 ሴኮንድ በኋላ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ግን 5 ሜትር ይሆናል። ስሕተቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ልክ ነውና።

ለዚህም ሲባል በመቆጣጠሪያው ግንባር ላይ የኢንፍራሬድ ካሜራ ተተክሏል። ካሜራው በቴሌቪዥኑ አጠገብ ከሚቀመጠው ዘንግ ጫፎች የሚወጣውን ጨረር እያየ አቅጣጫውን ይወስናል። ሰይፉ ወደ ጎን ሲሰነዘር ግን ካሜራው ጨረሩን ያጣዋል። የተሰካው ፕላስቲክ ግንባሩን የሚሸፍን ከሆነም ዓይኑ ከመጀመሪያው ታውሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዊ ጋር አብሮ የወጣው «ሬድ ስቲል» የተሰኘ ጨዋታ በሰይፍ ፍልሚያው የእጅን መንገድ አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ የስንዘራውን ዓይነት በመለየት የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ጋይሮስኮፕ ያመጣው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ኒንቴንዶ «ዊ ሞሽን ፕላስ» የተባለ ተጨማሪ አካል አወጣ። በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን አካላት ሲሽከረከሩ የሚደርስባቸውን የኮሪዮሊስ ጉልበት በመለካት የመሽከርከርን ፍጥነት ያውቃል። አብሮት የወጣው «ዊ ስፖርትስ ሪዞርት» የሰይፍ ግጥሚያን ያካተተ ሲሆን፣ የተጫዋቹ አንጓ ሲዞር በስክሪኑ ላይ ያለው ሰይፍም አብሮ ይዞር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ውብ የፊዚክስ ሐቅ እናገኛለን። ግትር አካል ሲሽከረከር የመሽከርከር ፍጥነቱ በሁሉም ነጥቦቹ ላይ እኩል ነው። ስለዚህ በእጀታው ላይ የተቀመጠ ጋይሮስኮፕ ስለ ሰይፉ ጫፍም ይመሰክራል። ነገር ግን ጨዋታው የሚሥለው ሰይፍ ርዝመቱ በፕሮግራሙ የተወሰነ በመሆኑ፣ በእጃችን ያለው ፕላስቲክ ቢረዝምም ቢያጥርም ለውጥ አያመጣም።

እጅ ግን ያውቀዋል

ለስሌት ያህል መቆጣጠሪያው 150 ግራም መጠነ ቁስና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ በጫፉ ላይ የሚሰካው ሰይፍ ደግሞ 100 ግራምና 50 ሴንቲ ሜትር አለው እንበል። ሰይፉ ሲሰካ መጠነ ቁሱ ወደ 250 ግራም፣ ማለትም ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። አንድ አካል ለመሽከርከር የሚያሳየው እምቢታ፣ ማለትም የዙሪት ኢነርሺያው፣ ግን በመጠነ ቁስ ብቻ አይወሰንም። እያንዳንዱ የአካሉ ክፍል ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ስኩዌር ይባዛል። ሁለቱም በርዝመታቸው እኩል የተከፋፈለ መጠነ ቁስ ቢኖራቸውና በመቆጣጠሪያው የታችኛው ጫፍ ዙሪያ ቢሽከረከሩ፣ የዙሪት ኢነርሺያው ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል። መዳፍም የራሱ ኢነርሺያ ስላለው በተግባር የሚሰማን ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በግልጽ ይሰማል።

ይህም ባዶውን መቆጣጠሪያ በአንጓ ብቻ ነቅነቅ በማድረግ ያሸንፍ የነበረው ተጫዋች ሰይፉ ሲሰካ ይዘገያል ማለት ነው። በአንጻሩ ክንዱን በሙሉ ማንቀሳቀስ ስለሚኖርበት እውነተኛ ሰይፍ የያዘ ያህል ይሰማዋል። ነገር ግን ይህ ስሜትም ወሰን አለው። በስክሪኑ ላይ ሁለት ሰይፎች ሲጋጩ የተጫዋቹን ፕላስቲክ መልሶ የሚገፋው ነገር ስለሌለ እጁ መንገዱን ይቀጥላል። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ግብረ መልስ የሚሰጠው በእውን ለተጋጩ አካላት ብቻ ነው።

የማሰሪያው ጉዳይ

ዊ ለገበያ በቀረበ በሳምንታት ውስጥ የመቆጣጠሪያው የእጅ ማሰሪያ ክር እየተበጠሰ መቆጣጠሪያው ከእጅ ይወረወር ጀመር። ኒንቴንዶም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ወደ 3.2 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ማሰሪያዎችን ወፈር ባለ ክር እንደሚተካ አስታወቀ።

ሰይፍ ሲጨመር ምን እንደሚሆን እናስላ። ክንዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በሴኮንድ 10 ራዲያን ፍጥነት ቢሰነዝር፣ መቆጣጠሪያውን በክብ መንገዱ ላይ ለማቆየት 10 ኒውተን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ሰይፉ ይህንኑ እጥፍ አድርጎ ወደ 20 ኒውተን ያደርሰዋል። የሰይፉ ጫፍ በሴኮንድ 12.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቀላል ፕላስቲክ ቢሆንም በዚህ ፍጥነት የአጠገብን ሰው ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ማሰሪያን ማጥበቅና ራቅ ብሎ መቆም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንባቢ ራሱ ቢሞክረው

ይህን ለመፈተን የጨዋታ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዱላ መካከሉ ላይ ይዘው በአንጓዎ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት፤ ቀጥሎ ጫፉን ይዘው ይድገሙት። ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ የዙሪት ኢነርሺያው 4 እጥፍ ሆኗል፤ አንጓዎ ያለ ምንም መለኪያ ይነግርዎታል። በዘመናዊ የእጅ ስልኮች ውስጥም አክስለሮሜትር አለ። ንባቡን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ወደ 9.8 የተጠጋ ቁጥር ያያሉ። ስልኩ ሳይንቀሳቀስ ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ አይንሽታይን ወደ ጠየቀው ጥያቄ ደጃፍ ደርሷል።

ከመሣሪያው ጋር የሚሰካው ነገር መልኩ ምንም ያህል ቢያምር፣ መለኪያው የሚያውቀው የተሠራበትን ብቻ ነው። በቤተ ሙከራም ሆነ ከቤተ ሙከራ ውጭ አንድ ቁጥር ሲቀርብልን በመጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን «ይህ መሣሪያ በእርግጥ የለካው ምንድን ነው?» ብለን ነው።