የጁባ ሰዓትና የጠፋው ሼርድ ፎልደር

ጁባ ውስጥ የቢሮ ሼርድ ፎልደር ጠፋ ሲባል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፎልደሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የከተማው መብራት ቢስፋፋም ጄኔሬተር ገና አልተረሳም። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ኮምፒውተሮቹ አንድ ላይ ይነሳሉ። ቀድሞ የተነሳው ኮምፒውተር ሰርቨሩን ቢጠራ መልስ ያጣል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ማውንቱ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ፎልደር ጋር የሚያገናኘው ትስስር፣ ሳይሳካ የቀረበት ቦታ ባዶ ፎልደር ሆኖ ይታያል፣ ሠራተኛው እዚያው ይጽፋል፣ ሰርቨሩ ሲመለስ የተጻፈው ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ማውንቱን አንስቶ ማየት ነው። መከላከያው ፎልደሩ በተከፈተ ጊዜ ብቻ እንዲገናኝ ማድረግ፣ ለሰርቨሩና ለስዊቹም ዩፒኤስ መግዛት ነው።

ፎልደር በኔትወርክ የሚጋራባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። ኤንኤፍኤስን ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 አወጣው፤ የዩኒክስና የሊኑክስ ነው። ኤስኤምቢ ከአይቢኤም ተነስቶ የዊንዶውስ ሆነ። አንድሪው ትሪጅል በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ሳምባ ሁለቱን ዓለም አገናኘ። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በመጀመሪያው የኤስኤምቢ ስሪት በኩል ዓለምን ካዳረሰ በኋላ አዳዲስ ዊንዶውሶች ያንን ስሪት ትተውታል። የድሮ የፋይል ማከማቻ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልታይ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። አሮጌውን ስሪት መልሶ መክፈት ግን በእኔ አስተያየት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ኤንኤፍኤስ የራሱ ጣጣ አለው። በተለመደው አሠራር ሰውን የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ በአንዱ ኮምፒውተር 1001 የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በሌላው 1001 ጥበቃው ከሆኑ አንዱ የሌላውን ፋይል እንደ ራሱ ይከፍታል። ሰርቨሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ደርቆ የሚጠብቀው ሃርድ በሚባለው አሠራር ነው። ሶፍት የሚባለው ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ስህተት ይመልሳል፤ ያስደስታል፣ በመጻፍ ላይ ያለን ፋይል ግን ሊያበላሽ ይችላል። ለሚጻፍበት ፎልደር ሃርዱ ይሻላል።

ከሁሉም የጁባ የራሷ የሆነው የሰዓት ጉዳይ ነው። ደቡብ ሱዳን በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰች፤ እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር እኩል ነበረች። ኮምፒውተሮች ለውጡን የሚያውቁበት የሰዓት ቀጠና መረጃ የወጣው ከቀኑ ሳምንት ያህል ብቻ ቀድሞ ነው። ያልታደሰ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ሰዓቱን በእጁ ወደኋላ ከመለሰ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ይስማማል፣ ውስጡ የሚቆጥረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ግን በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። የይለፍ ማረጋገጫው ከርበሮስ ከሆነ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ፎልደሩ አይከፈትም። ስለዚህ ፈቃድ ተከለከለ የሚል መልእክት ሲመጣ የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት በሁለቱም ማሽኖች ላይ ዓለም አቀፉን ሰዓት አስተያዩ፤ ቀጠናው ጁባ መሆኑን አረጋግጡ፣ ሰዓቱንም በእጅ ከመቀየር ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉ።