ጎጆ መውጣትና መገንጠል፦ የወላይታ የክልልነት ክርክር በቃላቱ ሲመረመር

መግቢያ

ሶዶ ላይ የማስተምራቸውን ተማሪዎች የክርክር ድርሰት አጻጻፍ ሳለማምድ «ወላይታ የራሱን ክልል ቢያቋቁም ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ርእስ ሰጥቼ ነበር። ድርሰቶቹን ሳርም ያስተዋልኩት ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። ከተማሪዎቹ ገሚሶቹ ስለ በጀት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መንገድና ስለ ሥራ ዕድል ጻፉ። ገሚሶቹ ደግሞ ስለ ካዎ ጦና፣ ስለ ቋንቋና ስለ ስም ጻፉ። ሁሉም በአንድ ርእስ ሥር ቢጽፉም፣ አንደኛው ወገን የሌላውን ጥያቄ አልመለሰም። የመጀመሪያዎቹ የተጨነቁት «ምን እናገኛለን?» ለሚለው ሲሆን፣ የኋለኞቹ ደግሞ «ማን ነን?» ለሚለው ነበር።

ተማሪዎቼ የሠሩት ስሕተት የእነሱ ብቻ አይደለም። የደቡብ ክልል ሊበተን በተቃረበባቸው ዓመታት በአደባባይ የተካሄደው ክርክርም በአብዛኛው እንዲሁ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ክርክሩ የቆመባቸውን ቃላትና ምሳሌዎች አንድ በአንድ በማየት፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ለምን እንደተላለፉ ለማብራራት እሞክራለሁ።

1. ሦስቱ ቃላት

በማናቸውም ክርክር ነገሩን ቀድሞ የሰየመ ወገን ግማሹን መንገድ እንደሄደ ይቆጠራል። በወላይታ ጉዳይ ከተሰሙት ስያሜዎች ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው «መገንጠል» ነው። ገነጠለ ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ቅርንጫፍና ግንድ ነው፤ ድርጊቱ ኃይል አለበት፤ ከተገነጠለ በኋላ ቅርንጫፉም ግንዱም ቁስል ይዘው ይቀራሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህንን ቃል የሚያነሣው በአንቀጽ 39 ሲሆን፣ ነገሩም ከአገር መለየትን የሚመለከት ነው። የወላይታ ጥያቄ ግን የቀረበው በአንቀጽ 47 ነበር። ይህ አንቀጽ ዘጠኙን ክልሎች ከዘረዘረ በኋላ፣ በውስጣቸው ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አካሄዱንም ያስቀምጣል፦ የጠያቂው ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። እንግዲህ የተጠየቀው ከክልል መውጣት እንጂ ከአገር መውጣት አልነበረም። ጥያቄውን «መገንጠል» ብሎ የጠራ ሰው አንዱን አንቀጽ በሌላው ከመተካቱም በላይ፣ ሳይከራከር ቁስሉን አስቀድሞ አሳይቷል።

ሁለተኛው «ክልል» ራሱ ነው። ከለለ ከሚለው ግሥ የወጣው ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። የሚከልል ነገር በአንድ በኩል ያግዳል፤ በሌላ በኩል ያስጠልላል። «ከለላ» የምንለውም ከዚሁ ግሥ የተገኘ ነው። የክልልነት ደጋፊ ቃሉን ሲሰማ ከለላው ይታየዋል፤ ተቃዋሚው ደግሞ አጥሩ። ሁለቱም የቃሉን እውነተኛ ፍቺ ይዘዋል።

ሦስተኛው «ጎጆ መውጣት» ነው። አንድ ጎልማሳ አግብቶ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ በአማርኛ ጎጆ ወጣ እንላለን። በዚህ አባባል ውስጥ ጠብም ቁስልም የለም፤ እንዲያውም ወጪው ተመርቆ፣ ጎጆ መውጫ ተሰጥቶት ነው የሚሄደው። ደጋፊዎች ጥያቄያቸውን በቤተሰብ ቋንቋ ሲያስረዱ የሚመርጡት አባባል ይህንኑ ነው። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ አፍ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ በሌላው አፍ የተመረቀ ሙሽራ የሚሆነው በስያሜው ምክንያት ነው።

2. ከመማሪያ መጽሐፍ የጀመረ መውጣት

«ማን ነን?» የሚለው ጥያቄ በወላይታ ይህን ያህል ክብደት ያገኘበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ 1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መመለስ ያስፈልጋል። በሽግግሩ ዘመን በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋሙት 14 ክልሎች፣ በደቡብ የነበሩት አምስቱ (ከክልል 7 እስከ ክልል 11) ተጠቃልለው አንድ የደቡብ ክልል ሆነዋል። በዚህ ክልል ውስጥ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሌሎች ጋር አርባ ምንጭን መቀመጫው ባደረገው የሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች የሚመደቡት በኦሞአዊው ቤተሰብ የኦሜቶ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በጣም ይቀራረባሉ። ይህንን መቀራረብ መነሻ በማድረግ ከአራቱም የተውጣጣ አንድ የጋራ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። በዚሁ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ።

በወጪ ስሌት ሲታይ ሐሳቡ ምክንያት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ይቀልላል። ስሌቱ ያላካተተው ግን ቋንቋ የተናጋሪው ስም መሆኑን ነው። በዚያን ጊዜ እኔ ሶዶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ታናሽ እኅቴ አዲሱን መጽሐፍ ይዛ መጥታ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ማንበብ የማትችለው እናታችን መጀመሪያ ሣቀች። ትንሽ ቆይታ ግን «ይህ የማን ዶና ነው?» ብላ ጠየቀች። በወላይትኛ «ዶና» የሚለው ቃል አፍንም ቋንቋንም ይጠራል፤ በአማርኛ «አፍ መፍቻ» እንደምንለው ማለት ነው። ከእኛ መካከል የመለሰላት አልነበረም። ቃላቱን በከፊል እናውቃቸዋለን፤ ተናጋሪውን ግን አናውቀውም።

በኅዳር ወር በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ። ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ተሰብስበው ወላይትኛ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የወላይታ የመጀመሪያው «መውጣት» በመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት መምጣቱ ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ስለ ክልልነት ሲወራ፣ ያ መጽሐፍ በብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ አብሮ ተቀምጦ ነበር።

3. ጥቅምና ጉዳት በየወገኑ

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን አጸደቀ። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ የአንድ ዓመቱ ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ ሳይደረግ አለፈ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣናትና ሌሎች የጥያቄው አራማጆች በሶዶ ከስብሰባ ላይ ተይዘው ታሰሩ፤ ይህንን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞም የሰው ሕይወት ጠፋ። ስለዚህ ቀጥሎ የማቀርባቸው ነጥቦች በጸጥታ የተመዘኑ ሒሳቦች አይደሉም፤ ሐዘን በተቀመጠበት ቤት የተነሡ ናቸው።

የደጋፊዎቹን መከራከሪያ በአጭሩ ለማስቀመጥ፦ የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ የሚሰጠው ለክልል እንጂ ለዞን አይደለም፤ ስለዚህ ክልል የሆነ ሕዝብ ድርሻውን ያለ አማላጅ ይቀበላል። ሕግ የማውጣት፣ የሥራ ቋንቋን የመምረጥ፣ በፌዴሬሽኑ ውስጥ በስሙ የመቆም ሥልጣን ያገኛል። ባለጉዳይም ሐዋሳ ድረስ መመላለሱ ይቀርለታል።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ አዲስ ክልል ማለት አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ሹመት፣ አዲስ ደመወዝ ነው፤ ለውኃና ለመንገድ የሚውለው ገንዘብ በዚያ ያልቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላው ነጥባቸው ይመስለኛል። ወላይታ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ የእርሻ መሬቱ ከእንሰትና ከስኳር ድንች ጓሮ እምብዛም የማያልፍበት አገር ነው። በዚህም ምክንያት የወላይታ ሰው ለሥራ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሰፋፊ እርሻዎች ይሄዳል። ኑሮው ከአጥር ውጭ ለሆነ ሕዝብ አጥር መጥበቁ ምን ይጠቅመዋል? በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሲሞቱና ብዙዎች ሲፈናቀሉ ይህ ጥያቄ በተግባር ታይቷል። የሚገርመው ይኸው ክስተት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ መሆኑ ነው፤ አንዱ «ክልል ቢኖረን ከለላ ነበረን» ሲል፣ ሌላው «አጥር ሲበዛ እንዲህ ይሆናል» ይላል።

በሥነ ቃል ረገድም አንድ ነገር እናገኛለን። የአንድነት ደጋፊ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እያለ ተረቱን ይደረድራል። የመውጣት ደጋፊ ግን ከአማርኛው ተረት ብዙ ድጋፍ አያገኝም፤ ስለዚህ ወደ ታሪክ ይሄዳል፤ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ሠራዊት የተሸነፈውን የካዎ ጦናን መንግሥት ያነሣል። አንዱ በተረት፣ ሌላው በታሪክ ሲናገሩ ዳኛ አይገኝላቸውም። ተረት በማስረጃ አይረታም፤ ታሪክም በተረት አይመለስም።

4. እርግብና ጎጆ

በመጨረሻ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት ጥያቄ ከሁለቱም የተለየ ነበር። ሲዳማ በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለብቻው ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ ከ98 በላይ በሆነ ድጋፍ ክልል ሆኗል። ለወላይታ የቀረበው ግን ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከጌዴኦ፣ ከኮንሶ፣ ከደቡብ ኦሞና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር በአንድነት አዲስ ክልል መመሥረትን ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም የሚል ነበር። ድምፁ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ተሰጠ። የወላይታው ውጤት በተፈጸሙ የሕግ ጥሰቶች ምክንያት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ተደገመ፤ አብዛኛው መራጭም ደገፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች።

የድምፅ መስጫ ምልክቶቹ ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። አዲሱን ክልል ለሚደግፍ ነጭ እርግብ፣ ለማይደግፍ ደግሞ ጎጆ ቤት ተመርጦ ነበር። አማርኛ «ጎጆ ወጣ» ሲል አዲስ ቤት መመሥረትን ያመለክታል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጎጆ ማለት ባሉበት መቅረት ሆነ። ምልክቱን ያወጣው ክፍል ይህንን አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም ምልክት ባዶ ዕቃ አለመሆኑን፣ አንባቢው ቀድሞ የሚያውቀውን ፍቺ ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የጥያቄ አቀራረብ ጉዳይ በሌላውም ዓለም ታይቷል። የስኮትላንድ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2014 ድምፅ ሲሰጥ፣ መጀመሪያ የታሰበው ጥያቄ «ትስማማላችሁ?» በሚል የሚጀምር ነበር፤ መራጩን ወደ አዎንታ ይገፋል ተብሎ ተለወጠ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣት ስትጠይቅ «አዎ» እና «አይደለም» ቀርተው «መቆየት» እና «መውጣት» የሚሉት ቃላት ገቡ። 52 ለ48 በሚጠጋ ውጤት መውጣት ቢያሸንፍም፣ ወጥቶ ወዴት የሚለው ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቷል። በወላይታ ደግሞ የመውጫው መድረሻ ተጽፎ ነበር፤ ብዙዎች የጠየቁት መድረሻ ግን ከምርጫዎቹ መካከል አልነበረም።

መደምደሚያ

ዳውሮ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል አባል ሆኗል። ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ ግን ዛሬም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያስቆጣው ስም «ዳ»ው ብቻ ወጥቶለት በካርታ ላይ የተመለሰ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ዛሬ የአንዱን ሕዝብ አፍ ከሌላው ጋር ያቀላቀለ መጽሐፍ የለም፤ ሕዝቡም ተጠይቋል። በ2016 ዓ.ም. በዞኑ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈላቸው ሲቀር ግን የድሮው ክርክር በሶዶ ሻይ ቤቶች እንደገና ተነሣ። አንዱ «ለብቻችን ብንሆን ኖሮ» አለ፤ ሌላው «መዋቅር ስለበዛ ነው» አለ። ሁለቱም የራሳቸውን ጥያቄ ነበር የሚመልሱት።

ተማሪዎቼን አሁን በዚህ ርእስ ሳጽፋቸው፣ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲለዩ አዛቸዋለሁ፦ ከምን መውጣት፣ ወዴት መውጣት፣ በማን አፍ መጠየቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጥቅምና የጉዳት ሒሳብ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው እናቴ ያን ጊዜ የጠየቀችው ነው፤ እሱ ሳይመለስ የሚቀርብ ሒሳብ፣ ድምሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰሚ እንደማያገኝ ያ መጽሐፍ አስተምሮናል።