ሁለቱ ጠርሙሶች፦ የዶፒንግ ምርመራ እንዴት ይሠራል?

በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሶፊያ አሰፋ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ገብታ የነሐስ ሜዳሊያ አጠለቀች። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ግን የደም መረጃዋ አጋልጧት በ2016 ወርቋን ተነጠቀች፤ ሶፊያም ወደ ብር ከፍ አለች። መሠረት ደፋርም በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ያገኘችው ነሐስ ወደ ብር የተለወጠው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከፊቷ የገባችው፣ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሰ፣ በ2007 የሰጠችው ናሙና እንደገና ሲመረመር የተከለከለ ስቴሮይድ ተገኘበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ብሩ የሚገባቸው የዚያኑ ዕለት ነበር። በመድረኩ ላይ ከፍ ብሎ የመቆም ክብርና ከደረጃው ጋር የሚመጣው ገቢ በወቅቱ አልደረሳቸውም። እውነቱ ዘግይቶም ቢሆን ሊወጣ የቻለው በአንድ አሠራር ምክንያት ነው፤ እሱም የዶፒንግ፣ ማለትም የአበረታች ቅመሞች፣ ምርመራ ነው። ብዙዎቻችን ስለዚህ ምርመራ የምንሰማው አንድ አትሌት ሲቀጣ ብቻ ነው። አሠራሩን ከውስጥ ማወቅ ግን ስፖርቱን ለሚወድ ሁሉ ይጠቅማል።

አሠራሩ የተወለደው ከሞትና ከቅሌት ነው። በ1967 እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን በቱር ደ ፍራንስ የሞን ቫንቱን ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞተ፤ በሰውነቱም አምፌታሚን ተገኘ። በማግስቱ ዓመት ኦሊምፒክ ምርመራ ጀመረ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት የ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ በምርመራ ምክንያት ውጤቱን የተነጠቀ የመጀመሪያው ኦሊምፒያን ስዊድናዊው ሃንስ ጉናር ሊልየንቫል ሆነ፤ የተገኘበትም አልኮል ነበር። በ1988 ሴኡል ላይ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን 100 ሜትሩን በ9.79 ሰከንድ ከጨረሰ በኋላ ስታኖዞሎል የተባለ ስቴሮይድ ተገኘበትና ወርቁ ለካርል ሉዊስ ተሰጠ። በ1998 ደግሞ ፌስቲና የተባለው የብስክሌት ቡድን የዶፒንግ ቅሌት ቱር ደ ፍራንስን አናጋው። በዚያ ሰበብ በኅዳር 1999 የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዋዳ፣ ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞንትሪያል ነው። ሁሉንም በአንድ የሚገዛው ሕግ፣ ኮዱ፣ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

አሁን ወደ ምርመራው ክፍል እንግባ። አትሌቱ ውድድሩን እንደጨረሰ አንድ አጃቢ ይቀርበውና ለምርመራ መመረጡን ይነግረዋል፤ ወረቀት ያስፈርመዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናሙናው ታሽጎ እስኪያልቅ ድረስ ከአጃቢው ዓይን አይሰወርም። ወኪሉን ወይም አስተርጓሚ ይዞ የመግባት መብት አለው። ክፍሉ ውስጥ ከታሸጉ ኩባያዎች መካከል አንዱን ራሱ ይመርጣል። ከዚያ በጾታ ከሚመስለው ተቆጣጣሪ ጋር ሽንት ቤት ይገባል፤ ሸሚዙን ወደ ላይ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተቆጣጣሪው እያየው ይሸናል። ነገሩ ያሳፍራል፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ሽንት በልብሳቸው ደብቀው የገቡ ስለነበሩ የመጣ ግዴታ ነው።

የሚፈለገው መጠን ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ነው። ከማራቶን በኋላ ሰውነቱ የደረቀ ሯጭ ይህን ለማሟላት ሰዓታት ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሽንቱ ከቀጠነ ደግሞ ሌላ ናሙና ይጠየቃል። መጠኑ ከሞላ በኋላ አትሌቱ ኤ እና ቢ የሚባሉትን ሁለት ጠርሙሶች የያዘ የታሸገ ሳጥን ይመርጣል፤ ቁጥሮቹ አንድ መሆናቸውን ያመሳክራል፤ ሽንቱንም በገዛ እጁ ይቀዳል። ኤ ውስጥ 60፣ ቢ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ይገባል። ክዳኑንም የሚያጠብቀው እሱ ነው፤ አንዴ ከጠበቀ በእጅ አይከፈትም። በመጨረሻ በቅርቡ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች በቅጹ ላይ ያስመዘግባል፤ ቅር ያለው ነገር ካለም ይጽፋል፤ ይፈርማል። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ቁጥር ብቻ ነው። መርማሪው የያዘው ሽንት የማን እንደሆነ አያውቅም።

ላቦራቶሪው የሚከፍተው ኤን ነው። የተከለከለ ነገር ከተገኘበት አትሌቱ ቢ እንዲከፈት የመጠየቅ መብት አለው፤ እሱ ወይም ወኪሉ ባለበት ይከፈታል። ቢ ውጤቱን ካላረጋገጠ በዚያ ናሙና ላይ የተመሠረተው ክስ ይወድቃል። ሁለት ጠርሙስ ያስፈለገው አትሌቱን ከስህተት ለመጠበቅ ነው። ናሙናዎች እስከ 10 ዓመት ተቀምጠው በተሻለ መሣሪያ ዳግም ሊመረመሩ ይችላሉ። የመሠረት ብር የተገኘው በዚህ በር ነው።

የውድድር ቀን ምርመራ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ቀይ የደም ሴልን የሚያበዛው ኢፒኦ ጥቅሙ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ ራሱ ግን በቀናት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል። ስለዚህ መርማሪው ሳይጠበቅ ቤት ድረስ ይመጣል። በከፍተኛው የምርመራ ቋት የተመዘገበ አትሌት የት እንደሚያድርና የት እንደሚለማመድ በየሦስት ወሩ ያሳውቃል። በየቀኑም ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በእርግጠኝነት የሚገኝበትን አንድ ሰዓት መርጦ ይመዘግባል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ ወይም መረጃውን ካጓደለ፣ ምንም መድኃኒት ባይገኝበት እንኳ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል። የ2019 የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ክርስቲያን ኮልማን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያመለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው መሣሪያ ባዮሎጂካል ፓስፖርት ይባላል። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ዘዴ መድኃኒቱን ራሱን ሳይሆን መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የተወውን ዱካ ይከታተላል። የአትሌቱ ሄሞግሎቢንና አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎች በየጊዜው ተለክተው ይመዘገባሉ፤ ልኬቱ የሚነጻጸረውም ከራሱ ከአትሌቱ የቀድሞ ልኬት ጋር ነው። በከፍታ ቦታ መኖር ደምን እንደሚያወፍር ስለሚታወቅ ያም ከግምት ይገባል። ዛሪፖቫን የያዛት ይህ ፓስፖርት ነው።

አበረታች መድኃኒት አንድ ነገር ነው፤ የሱስ ዕፅ ሌላ። ሕጉም ከ2021 ጀምሮ ልዩነቱን አውቆታል። ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስታሲ ወይም ካናቢስ የተገኘበት አትሌት ከውድድር ውጭ እንደወሰደውና ለውጤት ብሎ እንዳልወሰደው ካሳየ ቅጣቱ ሦስት ወር ነው፤ የማገገሚያ ሕክምና ካጠናቀቀ ወደ አንድ ወር ሊወርድ ይችላል። አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን በ2021 የአገሯን ማጣሪያ 100 ሜትር ካሸነፈች በኋላ በካናቢስ አንድ ወር ታግዳ ቶኪዮ ላይ ርቀቱን ሳትሮጥ ቀረች። የወላጅ እናቷን ሞት በሰማችበት ሐዘን እንደወሰደችው ተናግራለች። በ2023 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊጎች ግን የሚመሩት ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተዋዋሉት ደንብ ነው፤ የቅርጫት ኳሱ ሊግ ኤንቢኤ በ2023ቱ ስምምነት ካናቢስን ከምርመራው አውጥቶታል። አንድ ዕፅ እዚህ ሲያሳግድ እዚያ የሚታለፈው ለዚህ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ጫት ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኙት ካቲንና ካቲኖን በተከለከሉት ቅመሞች ዝርዝር ላይ በአነቃቂነት ሰፍረዋል። ክልከላው የሚጸናው በውድድር ጊዜ ሲሆን፣ ካቲን በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ጥሰት ነው። ቡና ግን አያስጠይቅም፤ ካፌይን በ2004 ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተበዳይ ብቻ አይደለችም። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ፣ ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የምርመራ ሥርዓታቸው አሳሳቢ ነው ካሏቸው አምስት አገሮች አንዷ አድርገው ጠርተዋታል። ከዚያ ወዲህ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን የተባለው ተቋም ተገንብቶ ናሙና ይሰበስባል፤ ትምህርትም ይሰጣል። ዋዳ ዕውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ አገር ውስጥ ስለሌለ ናሙናው የሚላከው ወደ ውጭ ነው። ለፓስፖርት የሚወሰድ ደም ሳይበላሽ መድረስ ስላለበት በ2018 ናይሮቢ ላይ የተከፈተው የደም ላቦራቶሪ ለምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ እፎይታ ሆኗል።

የሕጉ ምሰሶ አንድ ነው፤ በሰውነትህ ለተገኘው ነገር ኃላፊው አንተ ነህ። አሠልጣኜ ሰጠኝ፣ ሐኪም አዘዘልኝ፣ አላውቅም ነበር ማለት ቅጣት ያቀል እንደሆነ እንጂ የውድድሩን ውጤት አያድንም። እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ አደገኛ ነው። ድካም ሲበዛ ክሊኒክ ጎራ ብሎ ግሉኮስ መሰካት የተለመደ ነው፤ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ግን ከሆስፒታል ሕክምና ውጭ የተከለከለ ነው። ለጉልበት ሕመም የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ከ2022 ጀምሮ በውድድር ጊዜ አይፈቀድም። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ሁልጊዜ የተከለከለ ነው። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ደግሞ ከመጠን ካለፈ ያሳግዳል። የታመመ አትሌት መታከም የለበትም ማለት አይደለም፤ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ልዩ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቀው ግን የተማረው ብቻ ነው።

በክለብ ለተመዘገበች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የአራት ዓመት እገዳ ማለት የሩጫ ዕድሜዋ ትልቅ ክፍል ማለት ነው። መርፌውን የሚያቀብሏት ሰዎች ሜዳሊያዋን ይካፈሏታል፤ ስሟ ሲጠፋ ግን አብረዋት አይቆሙም። ስለዚህ አሠልጣኞች፣ ማናጀሮች፣ ፋርማሲስቶችና የክለብ ሐኪሞች ይህን ሕግ ከአትሌቷ ቀድመው ማወቅ አለባቸው። አንቺም ወጣት አትሌት፣ ማንኛውንም ክኒን ከመዋጥሽና መርፌ ከመወጋትሽ በፊት አትሌት መሆንሽን ለሐኪሙ ንገሪ፤ የመድኃኒቱን ስም ጽፈሽ ለባለሥልጣኑ ባለሙያዎች አሳዪ። ያልገባሽን አትውሰጂ።